የአባቴ 22 ካሊበር ላይ የፊት እጀታ ልግጠም? ሌላስ ምን ያስፈልገዋል?

የሱሉልታው · እሁድ ከሰዓት 9:20

ሰላም ቤተሰብ። ሁሌም እያነበብኩ የማልፍ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቶልኝ የሄደ አንድ ትንሽ ጠመንጃ አለኝ። 22 ካሊበር ነው። በእጅ የሚቀባበል፣ ካዝናው 5 ጥይት የሚይዝ፣ እንጨቱ እስከ በርሜሉ ግማሽ የሚደርስ። ብርኖ የሚል ተቀርጾበታል፤ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ነው። ፈቃዱን ወደ ስሜ ለማዞር ስመላለስ ከርሜ አሁን ገና ተሳካልኝ። ከጓደኞቼ ጋር በወር አንዴ ፈቃድ ባለው ቦታ ሄደን 50 ሜትር ላይ ዒላማ እንተኩሳለን። አደን የለም። ወረቀት ነው የምንበሳው።

የሚስቴ ወንድም ቨርጂኒያ ነው ያለው። ለገና ይመጣል። «ለጠመንጃህ ምን ላምጣልህ?» አለኝና የፎቶ መዓት ላከልኝ። ዓይኔ ያረፈው ከበርሜሉ ሥር ቁልቁል የሚቆመው የፊት እጀታ ላይ ነው። አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ጋደም ያለ። ሌላም አለ፦ ባለሁለት እግር ማቆሚያ፣ ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳየው መነጽር ማነጣጠሪያ)፣ ባትሪ፣ ሌዘር።

ችግሬ ይሄ ነው። ቆሜ ስተኩስ ግራ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከአምስቱ ጥይት ሦስቱ እንደ ዘመድ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ሁለቱ ይሰደዳሉ። እጀታው ይሄን ያስተካክልልኛል?

ካራ ማዶ · እሁድ 10:05

ግጠመው ባክህ! ጠመንጃ ያለ እጀታ ቡና ያለ ቁርስ ነው።

አናጢው ከቡራዩ · እሁድ ማታ 1:30

ካራ ማዶ፣ አንተ ደግሞ ቁርሱን ብቻ ነው የምታውቀው።

ወንድሜ የሱሉልታው፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠመንጃህን ገልብጠህ ሆዱን እየው። ሐዲድ አለው? ሐዲድ የምልህ ያ እንደ መሰላል ተርታውን የተቦረቦረው ብረት ነው። አንተ እንደነገርከን ከሆነ እንጨት ብቻ ነው። ስለዚህ እጀታው የሚነክሰው ነገር የለም።

«እንጨቱን በስቼ በብሎን አስረዋለሁ» እንዳትል ደግሞ። አንድ ጎረቤቴ እንደዚያ አድርጎ እንጨቱን ብቻ ፈትቶ ይዞልኝ መጣ። በድሪል በስቶታል። ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስታ እስከ ካዝናው መግቢያ የምትሄድ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። በዓይን አትታይም፤ ጥፍሬን ሳስኬድባት ግን ያዘችኝ። በሙጫ አጣብቄ ሰጠሁት። ስንጥቁ ዳነ፤ እንጨቱ ግን ትንሽ ዞሯል። በርሜሉን መልሶ ሲያስቀምጥ አንድ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መሃል አስገባንና ወደ ኋላ ሳብነው። መጀመሪያ ሰተት ብሎ ሄደ፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ነከሰው። እንጨቱ በርሜሉን ወደ ጎን እየገፋ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ያገኛትን ዒላማ ሁሉ ወደ ቀኝ ይስታል። እኔን ነው የሚወቅሰው!

የአባትህ እንጨት ላይ ድሪል አታስጠጋ።

ጋሽ ሃምሳ ሜትር · ሰኞ ጠዋት 2:15

ልጄ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር አባትህን በአፀደ ገነት ያኑርልህ።

እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት ወጣቶችን ተኩስ ሳለማምድ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

የፊት እጀታ የተፈጠረው ለሚራገጥ መሣሪያ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተኩስ አፈሙዙ ሽቅብ ይዘላል። እጀታውን ጨብጠህ ወደ ትከሻህ ትስበዋለህ፤ ዝላዩ ይቀንሳል። በርሜሉ ሲግልም እጅህን ያርቅልሃል። ያንተ 22 ግን የተለመደው ጥይቱ 40 ግሬን ነው፤ ወደ 2.6 ግራም። የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ ይበልጠዋል። ጠመንጃው ደግሞ ኪሎዎች ይመዝናል። ምኑ ይራገጥና ነው የምትቆጣጠረው? አንድ ተኩሰህ በእጅህ አቀባብለህ ነው ሁለተኛውን የምትተኩሰው።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ጠመንጃውን ስትይዝ ግራ እጅህ ይጨብጣል ወይስ ይሸከማል? እርግጠኛ ነኝ ትጨብጣለህ። ጡንቻ ሲጨብጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሲደክም ይብሳል። እናቶቻችን እንስራ ሲያዝሉ አይተሃል? ክብደቱን በወገብ አጥንት ላይ ያሳርፉታል እንጂ በክንዳቸው አይታገሉትም። እንደዚያ ነው። መዳፍህን ወደ ላይ ዘርጋው። ጠመንጃው መዳፍህ ላይ ይተኛ። ጣቶችህ ልል ይሁኑ። ክርንህን ከጠመንጃው ሥር አምጣው፤ ወደ ጎን አይውጣ። ቆመህ ከሆነ ክንድህ ጎድንህ ላይ ይደገፍ።

ቀጥ ያለውን እጀታ ስትገጥም የግድ ትጨብጣለህ። ክርንህም ወደ ውጭ ይሄዳል። የሚያስቸግርህን ነገር ከፍለህ ገዛህ ማለት ነው። ተኝተህ ስትተኩስ ደግሞ ጠመንጃውን ከመሬት ያርቀዋል፤ አሸዋ ከረጢት ላይ ስታስደግፍ ይጠልፍሃል።

በዓለም አቀፍ ውድድር 50 ሜትር የሚተኩሱ ሰዎች የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ናት። የሸሚዝ ቁልፍ በላት። እነሱም ቢሆኑ እጀታ አይገጥሙም። ከእንጨቱ ሥር እጅ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የምታግድ ትንሽ ማቆሚያ አለች፤ እሷ ላይ ማንገቻ ይያያዛል። ተኝተውና ተንበርክከው ሲተኩሱ ማንገቻው ከክርን በላይ ክንዳቸው ላይ ይጠብቃል። ጠመንጃውን የሚሸከመው ቆዳውና አጥንቱ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ማንገቻ ይኑርህ። የቀረው ሁሉ ከሱ በኋላ ይታያል።

የሱሉልታው · ሰኞ ማታ 2:50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ባዶውን ጠመንጃ ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ። ክርኔ እንደ ዶሮ ክንፍ ወጥቷል። ልክ ነዎት። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ብላ ስቃ ልትሞት።

አናጢው፣ ገልብጬ አየሁት። ሐዲድ የሚባል የለም። ግን ከላይ በኩል፣ መቀባበያው ያለበት ብረት ላይ፣ የደረቀ ግራሶ ነበር። በጥርስ መፋቂያ እየጫርኩ ሳወጣው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጭን ቦይ ወጣ። በአባቴ ዕድሜ ማንም ያየው አይመስለኝም። ምንድን ነው?

አሌክሳንድሪያ ሰፈር · ማክሰኞ ሌሊት 8:10

ሰላም ከወዲህ ማዶ፣ ከአሜሪካ። ያ ቦይ የስኮፕ መያዣ ነው። በካሊፐር ለካው፣ 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። 22 ጠመንጃዎች ላይ የተለመደ ነው። ፒካቲኒ ከሚባለው ሐዲድ ጋር አይመሳሰልም። ፒካቲኒ ሰፋ ያለ ነው፤ ቦዮቹ 5.23 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፣ ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 10 ሚሊ ነው። ስኮፑን የሚያስረው የአንዱ ቀለበት ለሌላው አይሆንም። እዚህ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስኮፑን ገዝቶ ይመጣል፣ ቀለበቱ አይገባለትም።

አማችህ የላከልህ ፎቶ የሩገር 10/22 ዕቃ ይመስለኛል። ከ1964 ጀምሮ የሚሠራ፣ በራሱ የሚያቀባብል 22 ነው። ለሱ የማይሸጥ ነገር የለም። እንጨቱን አውጥተው የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ አካል ያለብሱታል፤ ከሥሩ ኤምሎክ የሚባል ሞላላ ቀዳዳ አለው፤ እጀታው እዚያ ይገባል። የአንተ ብርኖ ሌላ ዓለም ነው።

አንድ ነገር ግን አማችህን በደንብ ንገረው። ስኮፕና የመሣሪያ ዕቃ ከአሜሪካ ሲወጣ የኤክስፖርት ቁጥጥር አለበት። ሻንጣ ውስጥ ከጫማና ከቫይታሚን ጋር የሚወረወር ነገር አይደለም። እኔ አንዴ ለአጎቴ ብዬ አንድ ትንሽ ዕቃ ይዤ ስጓዝ አንድ አየር ማረፊያ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዕቃው ቀረ፤ በረራው ሊያመልጠኝ ለጥቂት ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አልጠየቅኩም።

በነገራችን ላይ እዚህ ቀጥ ያለው እጀታ ጠመንጃ ላይ ሲገጠም ችግር የለውም። ሽጉጥ ላይ ከተገጠመ ግን የፌዴራሉ ሕግ መሣሪያውን ሌላ ዓይነት አድርጎ ይቆጥረዋል፣ መመዝገብ ይመጣል። አንዲት ፕላስቲክ!

አወያይ · ማክሰኞ ጠዋት 3:00

በአገራችን በኩል ያለውን ልጨምር። የሚሠራው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መሣሪያው ላይ አዲስ ነገር ከመግጠምህም ሆነ ከውጭ ከማስመጣትህ በፊት ፈቃዱን የሰጠህ ፖሊስ ጋ ሄደህ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ብታገኝ ይመረጣል። «እገሌ ይቻላል ብሎኛል» ፍተሻ ላይ አያዋጣም።

እመት ድንች · ማክሰኞ 6:40

ይቅርታ ወሬያችሁን ላቋርጥ። እኔም ሱሉልታ በኩል ነኝ። ጃርት ድንቼን ጨረሰው! ሌሊት ይመጣል፣ መደቡን ይቆፍራል፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ነክሶ ይተዋል። ወንድም የሱሉልታው፣ በዚያች ጠመንጃ አንድ ቀን ብትመጣልኝ ምን አለ? እሸት ድንች እቀቅልልሃለሁ።

የሱሉልታው · ማክሰኞ 7:15

እትዬ፣ ለድንቹ እመጣለሁ። ጠመንጃውን ግን ተዪኝ። ፈቃዴ ለዚያ አይደለም። የዱር እንስሳ ለመተኮስ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጋሽ ሃምሳ ሜትር · ማክሰኞ 11:30

ልጁ እውነቱን ነው። ሌላም አለ። 22 ትንሽ ናት ብለው ሰዎች ይንቋታል። ጥይቷ ግን ሽቅብ ከሄደች ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልትጓዝ ትችላለች። ድንጋይ ወይም ውሃ ከመታች ነጥራ ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። በጨለማ፣ ያውም ዛሬ ቤት ያልተሠራበት ሜዳ በሌለበት ሱሉልታ! እመቤቴ፣ ጠንካራ የሽቦ መረብ ይግዙ፤ የታችኛውን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ይቅበሩት። ጃርት ቆፋሪ ነው፤ ላዩን ብቻ ካጠሩ ሥር ለሥር ይገባል።

ካራ ማዶ · ረቡዕ 4:20

እሺ እጀታው ይቅር። ሌዘሩስ? ባትሪውስ? ድምፅ ማፈኛስ?

አወያይ · ረቡዕ 4:31

ስለ ድምፅ ማፈኛ እዚህ አናወራም።

ጋሽ ሃምሳ ሜትር · ረቡዕ 5:10

ሌዘር በቀን ብርሃን 50 ሜትር ላይ ፈልገህ አታገኘውም። ብታገኘውም ነጥቧ ስትንቀጠቀጥ ታያለህ እንጂ መንቀጥቀጥህን አያቆምልህም። ባትሪ ደግሞ አፈሙዝ ላይ ሲታሰር ሰው የሚያየውን ሁሉ በጠመንጃ ማየት ይጀምራል። ውሻውን፣ ዘበኛውን፣ ልጁን። ባትሪ በእጅ ይያዛል።

ማቆሚያ እግሩ መጥፎ አይደለም፤ ሩቅ ለሚተኩስና አሸዋ ከረጢት ለሌለው። አንተ ግን የበቆሎ ከረጢት ግማሽ አሸዋ ሞልተህ ብትሰፋው ያው ነው።

የሱሉልታው · ረቡዕ ማታ 3:00

ቦዩን በካሊፐር ለካሁት፤ 11 ሚሊ ነው። እንግዲህ ስኮፕ ይገባዋል። ፖሊስ ጋ አርብ እሄዳለሁ። ከተፈቀደ ምን ዓይነት ልፈልግ? ጓደኛዬ ቤት ለትልቅ ጠመንጃ የሚሆን አንድ አሮጌ ስኮፕ አለ።

አሌክሳንድሪያ ሰፈር · ሐሙስ ሌሊት 7:45

የትልቁን ተው። ብዙዎቹ የተስተካከሉት ለ100 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። አንተ 50 ላይ ስታነጣጥር ዓይንህ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ባለ ቁጥር ስኮፑ ውስጥ የምትታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ዒላማው ላይ ትንሸራተታለች። ለማየት ቀላል ነው። ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አሳርፍ፤ ሳትነካው ራስህን ብቻ ግራ ቀኝ አንቀሳቅስ። መስቀሏ ከሄደች ፓራላክስ የሚሉት እሱ ነው። ለ22 ተብለው የሚሠሩት 50 ሜትር አካባቢ የተስተካከሉ ናቸው። ከ4 እጥፍ በላይ ማጉላት አያስፈልግህም።

ሌላው፣ ስኮፕ ከድሮው ማነጣጠሪያ ከፍ ይላል። የአባትህ ሰደፍ የተጠረበው ለታችኛው ነው። ጉንጭህ እንጨቱን ይለቅና አገጭህ ብቻ ይደገፋል። ቆዳ ወይም ስፖንጅ በገመድ አስረህ ከፍ ማድረግ ይኖርብሃል።

ጋሽ ሃምሳ ሜትር · ሐሙስ 3:00

ሁሉም ልክ ነው። እኔ ብሆን ግን እስከ ፋሲካ በብረቱ ማነጣጠሪያ እቆይ ነበር። በስኮፕ የጀመረ ሰው ስህተቱን አጉልቶ ያያል እንጂ አያርምም።

ይልቅ ሰደፉ ልክህ ነው? ቂጡን ክርንህ እጥፋት ላይ አስቀምጥና አመልካች ጣትህ ምላጩ ጋ ይድረስ እንደሆነ ሞክር። ብርድ ነው ብለህ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበህ ከሞከርክ ሰደፉ ይረዝምብሃል፤ ያንንም አስብ። የሱሉልታን የኅዳር ውርጭ አውቀዋለሁ።

ለንፋሱም ተጠንቀቅ። ከጎን የሚመጣ መጠነኛ ንፋስ 50 ሜትር ላይ ጥይቷን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋታል። ሁለቱ ስደተኞችህ አንዳንዴ የንፋስ ስደተኞች ናቸው።

የሱሉልታው · ቅዳሜ ማታ 1:40

ሪፖርት። አርብ ሄጄ ጠየቅኩ። ማንገቻ ችግር የለም ተባልኩ። ስለ ስኮፕ ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ፣ እየጠበቅኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ተኮስን። ከአባቴ ዕቃ መሃል የተገኘ አሮጌ ጥይት ነበር፣ 50 ፍሬ የሚይዝ ፓኮ። ሰባተኛው ላይ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ወዲያው ላቀባብል ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ።

ጋሽ ሃምሳ ሜትር · ቅዳሜ ማታ 2:05

ጓደኛህን ምሳ ጋብዘው። ዝም ሲል አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዝክ 30 ሰከንድ ትጠብቃለህ። ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ከዚያ ነው የምታወጣው።

ምክንያቱን ልንገርህ። የ22 ጥይት እንደ ትልቁ ጥይት ቂጡ መሃል ላይ የምትመታ ቆብ የለችውም። የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን የተቀባ ነው። መርፌው ጠርዙን ነው የሚጨፈልቀው። ቅመሙ አንድ ቦታ ከሳሳ ወይም ካረጀ ዝም ይላል። ዝም ያለውን ለብቻው ለይተህ አስረክብ እንጂ ኪስህ አትክተት።

ለዚሁ ነው ባዶውን ቤት ውስጥ ቀጭ ቀጭ አታድርገው የምልህ። አሮጌ 22 ውስጥ መርፌው የሚመታው ጥይት ሲያጣ የበርሜሉን ጠርዝ ይመታል፤ እየጎረበጠ ጥይት አላስገባም ይላል።

አናጢው ከቡራዩ · ቅዳሜ ማታ 2:30

ታዲያ እንዴት ይለማመድ ጋሼ?

አሌክሳንድሪያ ሰፈር · እሁድ ሌሊት 6:50

በፊሸር! ግድግዳ ላይ ብሎን የምናስርባት ፕላስቲክ። እዚህ ሰው ቢጫዋን ቁጥር 4 ነው የሚያስገባው። ከንፈር አላት፤ መርፌው ከንፈሯን ይመታል። ስትጎዳ ትጥላታለህ። እዚያ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስትገዛ ሳትጨናነቅ ገብታ የምትወጣውን ምረጥ። እውነተኛው ጥይት ግን ሌላ ክፍል ተቆልፎ ይሁን። ሁለት ጊዜ እይ፣ ሦስት ጊዜ እይ።

የሱሉልታው · ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ሐሙስ ማታ 3:15

ክሩን ልዝጋው ብዬ ተመለስኩ።

አማቼ ትናንት ገባ። እጀታውን ቀድሞ ገዝቶት ኖሮ እዚያው መለሰው። በገንዘቡ የጆሮ መከላከያ ሁለት አመጣልኝ፣ አንዱ የባለቤቴ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ የት ነበር? 22 ድምፁ ትንሽ ነው እያልኩ ማታ ማታ ጆሮዬ ሲጮህ የጨጓራዬ ይመስለኝ ነበር። ድምፁ ለካ ወደ 140 ዴሲቤል ይጠጋል።

ማንገቻውን አንድ ጫማ ሰፊ ሠራልኝ። የአባቴን የድሮ ቀበቶ ቆርጦ፣ ጫፉን አጥፎ፣ በሰም በተቀባ ክር ሁለት ረድፍ ሰፋው። ቀዳዳዎቹን በወስፌ ሲበሳ «የከብት ነው የሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰው አልኩት። ክርን በላይ ሳጠብቀው መጀመሪያ የልብ ትርታዬን ማነጣጠሪያው ላይ አየሁት፤ ጫፉ ቱክ ቱክ ይላል። ትንሽ ወደ ታች ሳወርደው ተወው።

ተንበርክኬ አምስት ተኮስኩ። አራቱን የሻይ ብርጭቆ አፍ ይሸፍናቸዋል። አንዱ አሁንም ተሰዷል፤ እሱን በንፋስ አሳብቤያለሁ፣ ጋሼ።

የስኮፑ መልስ አልመጣም። እትዬ ድንች መረቡን ቀብራለች፤ ድንቹን ከነሚጥሚጣው በልተናል። አሁን ሌላ ትንሽ ጣጣ ቀረኝ። የፊተኛው የማንገቻ ቀለበት ሁለት ሚሊ ይጠብበዋል፣ ቆዳው እየታጠፈ ነው የሚገባው።

አናጢው ከቡራዩ · ሐሙስ ማታ 3:40

ቀለበቱን እንዳታሰፋ። 25 ሚሊ ነው የሚሆነው፣ ቀበቶህ ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። ጫማ ሰፊው ጫፉን ብቻ ከሁለቱም ጎን ይቅረጸው። ስፌቱን ግን እንዳይቆርጠው፤ አንድ ረድፍ ፈትቶ ወደ ውስጥ ያስገባው።

የሱሉልታው · ሐሙስ ማታ 3:44

ነገ ጠዋት ወስጄለታለሁ።